ስፌት የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሷል። ከላኩልኝ መካከል ግማሾቹ «እውነቱን ተናገረልን» ብለው ነው፤ ግማሾቹ ደግሞ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው። የጸሐፊው ብዕር የተባ ነው፤ ሐሳባቸውንም ሥርዓት አስይዘው አቅርበውታል። ስሕተት ነው የምለውም በዚያው ልክ በብዙ ሰው ልብ ስለሚገባ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ መምህርት ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከሰፈሬ ሴቶች ጋር ስፌትና ዳንቴል እሠራለሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል።

በቅድሚያ የተባለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት፣ ሐዘንንና ጭንቀትን በእጅ ሥራ፣ በግጥም ወይም በሥዕል ማስታገስ የሚባለው ነገር ጠግበው የሚያድሩ ሰዎች ከውጭ ያመጡት ፋሽን ነው፤ እናቶቻችን የፈተሉት ስለበረዳቸው፣ የሰፉትም እንጀራ ማቅረቢያ ስላስፈለጋቸው ነው። ደግሞም ሥራው ከሐዘን መሸሻ ነው፤ ሐዘንተኛ ማልቀስ፣ መጸለይ፣ ካልሆነለትም ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። በእጅ የተሠራ ስጦታ ርካሽ ደግነት ነው፤ የተቸገረ ሰው የሚፈልገው ዱቄትና ገንዘብ ስለሆነ ኮፍያውና ሙዳዩ የሚያስደስተው ሰጪውን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው እሠራለሁ ሲል ሙያው ይረክሳል፤ በሙያው የሚተዳደሩት ሸማኔዎችና ጠላፊዎችም ይጎዳሉ። በመጨረሻም፣ ሥራ ለበዛባቸው ሴቶች ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው የእርዳታ ድርጅቶችም ቅሬዎችም (በእኛ በወሎ ዕድሮች ማለት ነው) ለክርና ለመርፌ አንድ ብር እንዳያወጡ ይመክራሉ።

ከመጨረሻው ነጥብ እጀምራለሁ፤ ጸሐፊው ወደ እውነቱ የቀረቡት እዚህ ላይ ነውና። ከጎህ እስከ ምሽት በጓዳና በገበያ መካከል ስትመላለስ የምትውል ሴት «ለመንፈስሽ ብለሽ ጥልፍ ጥለፊ» ብትባል ምክሩ ስድብ ሆኖ ቢሰማት አይፈረድባትም። መካሪው ባሏ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ተነሥቶ ሳፋውን ይያዝላት። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ነገር ግን የታዘዘ ሥራና በራስ ፈቃድ የተያዘ ሥራ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለዋቸዋል።

ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ እንግባ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል። በልብስ ፋብሪካ አንዲት ሠራተኛ ሙሉ ሸሚዝ አትሰፋም፤ ኮሌታ የደረሳት ቀኑን ሙሉ ኮሌታ፣ የእጅጌ ጠርዝ የደረሳትም ጠርዝ ብቻ ስታሳልፍ ትውላለች። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በዚህ ሥራ ላይ ናት። ማታ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ጠባብ ክፍል ገብታ፣ ራቷን በልታ፣ ኪሮሿን ታነሣለች። ቀኑን ሙሉ ክር ስትነካ ውላ ማታም ክር መያዟ ገርሞኝ ጠየቅኋት። «ቀን የምሰፋውን ማን እንደሚለብሰው አላውቅም» አለችኝ። «ይሄኛውን ግን ጀምሬ የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ እናቴ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚነጠፈው።» ይህችን ልጅ ሸክም ተጫነባት የሚል ካለ ማታ ማታ ዳንቴሏን ሊቀማት ይሞክር፤ መልሱን ከእርሷ ያገኛል።

አሁን ወደ ፋሽኑ ነገር። እናቶቻችን የፈተሉት ስለበረዳቸው ነው መባሉ ልክ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጋቢ እዚህ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ግን ጸሐፊው አንድ መሶብ አንሥተው በቅርብ ይመልከቱ። ለእንጀራ ማቅረቢያነት ብቻ ቢሆን ስንደዶ የተባለው ሣር አክርማ በተባለው ነጭ ሣር ተጠቅልሎ ቢያልቅ ይበቃ ነበር። ሰፊዋ ግን አክርማውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ነክራ አለላ ታደርገዋለች። ስትሰፋም እየቆጠረች ነው፤ እዚህ ሦስት ቀይ፣ እዚያ ሁለት ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። ቁጥሩ ከተዛባ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ይህ ሁሉ ድካም ለእንጀራው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ትኩስነቱንም ጣዕሙንም አይለውጥም። ታዲያ የአለላውን ወጪና የቆጠራውን ድካም ለምን ገባችበት? ደስ ስለሚላት፣ ልቧን ስለሚያሳርፍላት፣ እንግዳዋ ክዳኑን ሲያነሣ ዓይኑ እንዲጠግብ ስለምትፈልግ ነው። ይህን ለመማር ከውጭ የመጣ ሰው አላስፈለጋትም።

ወሎ ላይ ተቀምጦ መጽናናትን በቃልና በዜማ ማበጀት ባዕድ ነው ማለት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማዎች በአማርኛ መንዙማ ደርሰው በዐረብኛ ፊደል ጽፈው አስቀምጠዋል። መንዙማ ሲባል አውጪው አንድ ሰው ቢሆንም ተቀባዩ ቤት ሙሉ ሰው ነው፤ በወዳጃ፣ በጋራ የዱዓ መቀመጫችን ላይ፣ ቡናው እየፈላ፣ ዱዓው እየተደረገ፣ የከፋው ሰው በጭብጨባና በቅበላ መካከል ትንፋሹ ሲመለስለት ያላየ ደሴዬ ያለ አይመስለኝም። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶችም ስማቸው የዚሁ ምድር ቦታዎች ስም ነው።

የጽሑፉ እምብርት ግን ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ የእጅ ሥራ ከሐዘን መሸሻ ነው የሚለው። ጸሐፊው ስለ ልቅሶ የሚያውቁ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሚያስቡት ግን ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቅሬው ድንኳን ይተክላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይባላል። በእነዚያ ቀናት ሐዘንተኛዋን መርፌ ያዢ የሚላት የለም፤ ቢኖርም ነውር ነው።

ክፉው ጊዜ የሚመጣው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ኢዳዋ፣ ማለት የምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ በአመዛኙ ቤቷ ተቀምጣ ታሳልፈዋለች። ክርስቲያኗም ከአርባው እስከ ሙት ዓመቱ የምትገፋው ረጅም ጊዜ አለ። ጎረቤት በተፈጥሮው ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ተጠጥቶ ሲኒው ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል ያ ሰው እንደሌለ እንደ አዲስ ይታወቃል። ለዚያ ሰዓት ጸሐፊው ያዘዙት እንባ ደርቋል። ሐኪሙም በዚያ ሰዓት አጠገብ የለም። ጸሎት አለ፤ ጸሎትማ አይጠፋም። ግን ሙስሊሙ ዚክር ሲያደርግ ተስቢሁን፣ ክርስቲያኑም ሲጸልይ መቁጠሪያውን በጣቱ ያንቀሳቅሳል፤ ልብ በሚከብድበት ጊዜ እጅ የሚይዘው ነገር እንደሚያስፈልገው የሃይማኖት አባቶቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁ ነበር። ጸሎትንና እጅን ባላንጣ ማድረግ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

በሰፈራችን ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሽከርክረው ይለቁታል፤ ክሩ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ መልሰው ይጠቀልሉታል። ሲበጠስ ጫፉን በምራቅ ነካ አድርገው ይቀጥሉታል። በዚያው መሐል ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ይሰማል፦

ጦሳን ጉም ሸፈነው መንገዱ ጠፋብኝ፣
ጉሙን ማን ገልጦልኝ ልጄን ማን ያምጣልኝ።

የሚፈትሉት ሟቹ ትቶት ለሄደው ሕፃን ጋቢ እንዲሆን ነው። ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቀው፣ ከዚህ ውስጥ መሸሹ የቱ ጋ ነው? ልጃቸውን በስም እያነሡ ነው፤ እያለቀሱ ነው፤ ለልጅ ልጃቸው እያሰቡ ነው። እንዝርቱ ሐዘኑን አልወሰደባቸውም፤ ከሐዘኑ ጋር ተቀምጠው እንዲውሉ አቅም ሆናቸው። ሸሽተው ቢሆን ኖሮ ሬዲዮ ከፍተው በተቀመጡ ነበር።

ሳይንሱስ ምን ይላል ለሚለኝም መልስ አለ። ጀምስ ፔንቤከር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ያደረገ ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ተማሪዎች ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ከፍቶ ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ማዕከል የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። መሸሻ ቢሆን ኖሮ ጽፈው ሲነሡ ቀለል ብሏቸው፣ ኋላ ላይ በከፋባቸው ነበር፤ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በእጅ ሥራ ሕሙማንን መርዳትን ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ ያደረጉት ባለሙያዎችም በአሜሪካ ማኅበር ካቋቋሙ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዘመኑ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነበር፤ አእምሯቸው ተጎድቶ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮችን ከረዱባቸው መንገዶች አንዱ ሽመናና የቅርጫት ሥራ ነበር። ስለዚህ «ሐኪም ወይስ ስፌት» የሚለው ምርጫ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስፌቱን ወደ ሆስፒታል አስገብተውታል።

ጸሐፊው የሚሉት አንድ ነገር ግን በወፍራሙ ይሰመርበት። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ እህል አልወርድ ያለው፣ መሞትን የሚመኝ ሰው ዳንቴል ሊሰጠው አይገባም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። «ይለፍላታል፣ ሥራ ትያዝ» እየተባለ የተጎዳ ሰው አውቃለሁ። ይህን ማስጠንቀቂያ ጮክ ብለው መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል።

ስለ ስጦታ ያሉት ግን አሳዝኖኛል። በከፊል ሐቅ ስላለው ይበልጥ አሳዝኖኛል። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው የሰሜን ወሎ ወገኖቻችን ወደ ደሴ ሲጎርፉ ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆነው ነበር። ያን ጊዜ አሮጌ ልብስ አራግፈው፣ ፎቶ ተነሥተው የሄዱ ሰዎችን አይተናል። ዱቄት በሚያስፈልግበት ቀን ሌላ ነገር ይዞ መምጣት ለሰጪው እንጂ ለተቀባዩ አይደለም። መጀመሪያ ዱቄት፤ በዚህ ክርክር የለኝም።

ነገር ግን በአንዱ መጠለያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወንበሮቹ ተነሥተው ወደ ግድግዳ በተደረደሩበት የመማሪያ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ጎን ለጎን ተኝቶ ነበር። ዱቄት ይዘን ስንገባ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት «ወስፌ ይኖራችሁ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። ግራ ገባን፤ በማግስቱ አንዲት ጓደኛዬ የእናቷን ወስፌ አመጣችላቸው። ሴትዮዋ እህል የመጣበትን ባዶ ማዳበሪያ ከጠርዙ ጀምረው ክር በክር ተረተሩት። ለስንደዶው ምትክ ልጆቹ ከግቢው ያጨዱትን ሳር አደረቁ። አክርማ የለም፣ አለላ የለም፤ ነጩ የማዳበሪያ ክር መጠቅለያ፣ በከረጢቱ ላይ ታትሞ የነበረው ሰማያዊ ጽሑፍ ያረፈበት ክር ደግሞ አለላ ሆነ። ወስፌውን ወግተው፣ ክሩን አሳልፈው፣ በጥርሳቸው ጠበቅ አድርገው፣ ደግሞ ይወጋሉ። ክዳን ያላት፣ መዳፍ የምታክል ሙዳይ ወጣች። ለማን እንደሆነች ስንጠይቃቸው በክፍሉ ጥግ ወደተኛች ወጣት አራስ በአገጫቸው አመለከቱን። ልጅቷ ከቤቷ ይዛው የወጣችውን አንድ ጥንድ ጉትቻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምትዞረው። ፈታችና ሙዳዩዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ጸሐፊው ዓለምን ሰጪና ተቀባይ ብለው ለሁለት ከፍለው፣ የእጅ ሥራ ስጦታን በሰጪው ወገን ብቻ አይተውታል። እኚያ እናት ከየትኛው ወገን ይመደባሉ? ስማቸው የተረጂዎች ዝርዝር ላይ ነበር፤ በየቀኑ ተሰልፈው፣ ተቆጥረው፣ የተሰጣቸውን ተቀብለው ይመለሱ ነበር። ቤታቸውን፣ ከብታቸውን፣ ማጀታቸውን ትተው የወጡ የቤት እመቤት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ተቀብለዋል፣ አራስ ጠይቀዋል። ዱቄቱ ከረሃብ አድኗቸዋል፤ አራስ ጠያቂነታቸውን የመለሰላቸው ግን ያ ወስፌ ነው። ደግሞም ሙዳዩዋ ሰጪዋን አስደስታለች ከተባለ፣ አዎ፣ አስደስታለች። ይህ እንደ ነውር የተቆጠረበትን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁትም። አራሷም ተደስታለች። አንዱ ደስታ ሌላውን አልቀነሰበትም።

እኔ በእጅ ሥራ የማየው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ጸሐፊው መጽናናትንና ደግነትን ለየብቻ አስቀምጠው፣ አንዱን ራስ ወዳድነት ሌላውን ማስመሰል ብለው አጣጣሉ። በየቤቱ የማየው ግን ሁለቱ በአንድ ክር ሲሄዱ ነው። ለራስ ብቻ የተጀመረ ሥራ ብዙውን ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ለልጅ ልጅ፣ ለአራስ፣ ለእናት ጠረጴዛ የተጀመረው ግን ይጨረሳል፤ የሠራችውንም ሴት ከአልጋዋ ያስነሣታል፣ ክር ልትገዛ ገበያ ያወጣታል፣ ስጦታውን ልታደርስ የሰው ደጅ ያስረግጣታል። ሐዘን ቤት ውስጥ የዘጋውን ሰው ወደ ሰው የሚያወጣው ይህ ነው።

ስለ ሙያው መርከስ ብዙ አልልም። የሸማኔውን ገበያ ያጠበበው በማሽን ተሠርቶ ከውጭ የሚገባው የሀበሻ ልብስ አምሳያ ነው፤ ጎረቤቴ ለልጇ የጠለፈችው ትራስ ጨርቅ አይደለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጥለት ሞክሮ ጣቱን የደከመው ሰው ሰኞ ገበያ ላይ በሸማኔው ዋጋ ሲከራከር አላየሁም፤ ድካሙን ያውቀዋልና። መሥራት የሚገባው የተካነ ብቻ ነው ለሚለው ደግሞ ግሪጃ ካይማልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ፣ በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡትን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላና በመሳሰለው የፈለጉትን እንዲሠሩ ተደረገ፤ ከ4ቱ በ3ቱ ገደማ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ቀነሰ፤ ቀድሞ ልምድ የነበረውና ያልነበረው ሰው በዚህ አልተለያዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረውም፤ ብዙ አልጫንበትም። ነገር ግን መንዙማ ላይ ተቀባይ ሆኖ የሚያጨበጭበው ሰው ባለቅኔ መሆን እንደማይጠበቅበት እኛ እዚህ ያለ ጥናትም እናውቃለን።

ለክርና ለመርፌ አንድ ብር እንዳይወጣ የሚለው የጸሐፊው ምክር ነው ለመጻፍ ያስነሣኝ፤ ምክሩ ሰሚ ካገኘ የሚጎዳ ሰው አለና። እኔ ተቃራኒውን እጠይቃለሁ። መጠለያ የሚያደራጁ ሰዎች ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ብርድ ልብሱን ካሟሉ በኋላ ጥቂት ወስፌ፣ ጥቂት ኪሮሽና ክር ይጨምሩ፤ ክብደቱም ዋጋውም ከአንድ ከረጢት አይበልጥም። ቅሬዎቻችን ደግሞ ድንኳኑን ነቅለው ሲሄዱ ሁለት ሴቶችን ይመድቡ፤ ከወር በኋላ ሐዘንተኛዋን ተመልሰው ይጠይቋት፤ ከቡናው ጋር ባዘቶ ወይም ክር ይዘው ይሂዱ፤ ካልፈለገች ይዘው ይመለሱ፤ ከፈለገች አብረዋት ይቀመጡ። ወንዶቹም ከዚህ አይቅሩ፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤትም ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል። ሐሳቡን በእኛ ሰፈር ቅሬ ቀጣይ ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው ወይም ከእርሳቸው ጋር የሚስማማ ማንኛውም ሰው ተቃውሞውን እዚያው ፊት ለፊት ቢያሰማ በደስታ እንሰማዋለን።